የአራጋው ብየዳ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የማሽኑ ሁኔታ ይህ ነበር። ባክሆ ሎደሩ ኮምቦልቻ፣ ወደ ደረቅ ወደቡ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በነጋዴው በሺር የአሮጌ ማሽን ግቢ ውስጥ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ቆሟል። የፊቱ ባልዲ መሬት ነክቷል። የኋላው መቆፈሪያ ክንድ ወደ ላይ ታጥፎ ወፍራም የብረት ፒን ተቆልፎበታል። ቀለሙ አዲስ ቢጫ ነው፤ ከቀለሙ ሥር ያለው ብረት ግን አዲስ አይደለም። ቁልፉ በሺር ኪስ ውስጥ ነው። መሬቱ ላይ ከዘይት ጠብታ በቀር የፈሰሰ ነገር የለም።

አርብ ዘበኛው መሕሙድ ከጁምአ ሶላት ሲመለስ ክንዱ ተዘርግቶ መሬት ወርዷል። ፒኑ በቦታው የለም። ከኋላው ባልዲ ሥር መካኒኩ አራጋው ሞቶ ተኝቷል። ከማሽኑ ፊት ለፊት ደግሞ የፊቱን ባልዲ ጥርሶችና ከሥሩ ያለውን መሬት ያለበሰ ብዙ ደም፣ ከደሙም ጎን ጥቂት የፍየል በጠጥ ነበር።

ኢንስፔክተር ነጂባ ቅዳሜ ጠዋት ከደሴ ወርዳ ስትደርስ አስከሬኑ ተነሥቷል። የከተማው መርማሪ ሳጅን ጸጋው የግቢውን በር በጀርባው ደግፎ ጠበቃት።

"ደሴ ሥራ ጠፋ እንዴ?" አላት። በዕድሜ ይበልጣታል፤ በማዕረግ ትበልጠዋለች። "እርስዎ" ማለት አልወደደም፤ እሷም አልጠየቀችውም። "ገዳዩን ትናንትና ይዘነዋል።"

"ማንን?"

"ሙንዚር ይባላል። የማሽን ኦፕሬተር ነው። እናቱ ጣይባ ደሴ ዙሪያ አትክልት የምታመርት ሴት ናት፤ የዕድሜ ልክ ጥሪቷን አሟጥጣ ይህን ብረት ልትገዛለት ነበር። ሐሙስ ዕለት አራጋውን ይዘውት መጡ፣ ማሽኑን አይቶ እንዲነግራቸው። አየና 'አትግዙ' አለ። ለምን ቢሉት 'እኔ አትግዙ ካልኩ አትግዙ ነው' አላቸው። አራጋውን ታውቂው የለ? አፉ ከመዶሻው ይከብዳል። ልጁ ደሙ ፈላና ኮሌታውን ይዞ አነቀው። ሰው ሁሉ አይቷል።"

"እሱ ሐሙስ ነው። የሞተው አርብ ነው።"

"አርብ ልጁ ተመልሶ መጣ፤ ገዛ፤ ፍየል አረደ። አራጋው ሊያፈርስበት ደረሰ። ኦፕሬተር አይደል? ክንዱን ለቀቀበት። አለቀ።" በአገጩ ደሙን አመለከታት። "ማሽን ሲገዛ የሚያርደው ማነው? ሻጭ ነው? ገዢ ነው! ይኸው ደሙ። ገዢው እዚህ ነበር ማለት ነው።"

ነጂባ ወሎ ተወልዳ ወሎ ያደገች ናትና ይህን አላጣችውም። ሚኒባስ ይሁን የእህል ወፍጮ፣ አዲስ ንብረት የገዛ ሰው ደም ሳያፈስበት ሥራ አያስጀምርም። እስላሙም ያደርገዋል፣ ክርስቲያኑም ያደርገዋል።

"ሽያጩን ያየ አለ?"

"በሺር አልሸጥኩም ይላል። ነጋዴ ነው፤ ግብር ይፈራል።"

እሷ ተንበረከከች። አስከሬኑ የነበረበት መሬት ተጨፍልቋል እንጂ ደም አልጠጣም፤ ቡናማው አቧራ እንደ ደረቀ ነው። በፎቶግራፉ ላይ ከሟቹ ጆሮ ኋላ አንድ ክብ ቁስል ይታያል። ባልዲው አምስት ጥርስ አለው፤ ጥርስ ክብ ቁስል አይተውም። ሰው በሕይወት ሳለ ያን የሚያህል ብረት ቢወድቅበት መሬቱ ደረቅ ሆኖ አይቀርም።

"የሞተው እዚህ አይደለም" አለች። "ሞቶ ነው እዚህ የተኛው።"

"የትም ይሙት። ሞቷል።"

"ለአዲስ መኪና ደም የሚቀባው የት ነው ሳጅን?"

"የፊት ጎማ።"

"ጎማዎቹን እያቸው።"

ጸጋው አየ። ሁለቱም የፊት ጎማዎች ንጹሕ ናቸው። ደሙ ያለው ባልዲው ላይ ብቻ ነው፤ እዚያም የፈሰሰ ሳይሆን እንደ ተደፋ ነው፤ አንድ ነገር ለመሸፈን የተደፋ።

"ጎማ ተቀባ ባልዲ ተቀባ፣ ፍየሉ አይከሰስ!" ብሎ ፊቱን አዞረ።

ነጂባ ማሽኑን ከጥግ ጀምራ መረመረችው። የስም ሰሌዳው ብረቱ ገና ወጣት ነው ይላል፤ ሰዓት ቆጣሪውም ይመሰክርለታል። የፍሬን ፔዳሉ ግን ላስቲኩ አልቆ ብረቱ እንደ ማንኪያ ያብለጨልጫል። የክንዱ መጋጠሚያ ቀዳዳዎች ተበልተው ሞላላ ሆነዋል። ሰሌዳው የተመታበት ሚስማር ትናንት ከሱቅ የወጣ ይመስላል። ሻንሲው ላይ ቁጥሩ ተመትቶ መገኘት ያለበት ቦታ በግራይንደር ተልጎ፣ በስቱኮ ተሞልቶ፣ ቀለም ለብሷል። ባለቤቱ እንዳይታወቅ የተደረገ ማሽን ነው።

በክንዱ ግራ ጎን ላይ ደግሞ ቀለሙ በቅርብ በስለት ተፍቋል። ከተፋቀው ሥር ከመኪና ባሌስትራ የተቆረጠ የብረት ልጥፍ ብቅ ብሏል። የብየዳው መስመር እንደ ሹሩባ ተከታትሎ ሄዶ፣ መጨረሻው ላይ ወደ ራሱ ይቆለመማል። የአራጋው ቢላ ከልጥፉ ሥር መሬት ላይ ወድቆ ነበር። ቀለሙን የፋቀው እሱ ነው።

ፎቶግራፍ አነሣችውና ወደ በሺር ቢሮ ገባች።

በሺር ከጠረጴዛው ጀርባ አልተነሣም። "እኔ አሮጌ ብረት እሸጣለሁ እንጂ ሰው አልገድልም" አላት ሳትጠይቀው።

"ቁጥሩን ማን ፋቀው?"

"ስገዛው እንዲሁ ነበር።"

"ከማን ገዙት?"

"ከሰው።"

"ሰውየው ስም የለውም?"

"ብረት የሚገዛ ብረቱን ያያል። ስም ለኒካህ ነው።"

"በጁምአ ሰዓት የት ነበሩ?"

"መስጊድ። የፊት ሰልፍ። ኢማሙን ጠይቂ፣ አጠገቤ የሰገደውን ጠይቂ። ቁልፉም ኪሴ ውስጥ ነበር።"

"ቁልፉ ኪስዎ ከነበረ ሞተሩን ማን አስነሣው?"

በሺር ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። "ልጄ፣ የዚህ ዘመን ማሽኖች ቁልፋቸው አንድ ነው። የአንዱ ለሁሉም ይሠራል። ደሴና ኮምቦልቻ ያለ ኦፕሬተር ሁሉ ኪሱን ብትፈትሺ ታገኚዋለሽ።"

"ሙንዚር ኪስ ውስጥ አግኝተናል" አለ ጸጋው ከበሩ፣ ደስ እያለው።

"ፍየሉንስ?" አለች ነጂባ።

"ገዢ አረደ ይላሉ። እኔ ግን አልሸጥኩም። ወላሂ አልሸጥኩም! ያልተሸጠ ማሽን ላይ ማን እንደሚያርድ እናንተ ንገሩኝ።"

የበሺር ምስክሮች እውነት ሆነው ተገኙ። ኢማሙም፣ ጎኑ የሰገዱትም አይተውታል፤ ከሶላቱም በኋላ ሲያወራ ቆይቷል። ሞተር ሲነሣ የሰማ አለ ወይ ብላ ብትጠይቅ ሰው ሳቀባት፤ በዚያ መንገድ ከባድ መኪና ሌት ተቀን ይጮኻል።

ከዚያ ሌላ ጥያቄ ይዛ በጎረቤቱ ዞረች። ጸጋው እያጉረመረመ ተከተላት። ከግቢው ፊት ለፊት ጎማ የሚለጥፈው ጎሚስታ ጎማ ከመንቀል ቀና አላለም።

"አርብ ከበሺር ግቢ ሥጋ ደረሰህ?"

"የምን ሥጋ?"

"ፍየል ታርዷል።"

ጎሚስታው አሁን ቀና አለ። "ታርዷል? ፍየል አርዶ ለጎረቤቱ አንዲት ቁራጭ ጉበት ያልላከ! ከእንዲህ ያለ ጎረቤት አሏህ ይጠብቅ!" ወደ ሻይ ቤቱ ጮኸ። "አንቺ! አርብ ሥጋ በልተሻል?"

"ሽታውም አልደረሰኝ!" አለች ባለ ሻይ ቤቷ። "በሺር ነው? እሱ አጥንት እንኳ ለውሻ ያበድራል እንጂ አይሰጥም።"

በዚያ ሰፈር ሥጋ የደረሰው አንድም ቤት አልነበረም። ነጂባ የግቢውን ቆሻሻ አስገለበጠች። ጭንቅላት የለም። ቆዳ የለም። ፈርስ የለም። ሰው ለንብረቱ ደም ሲያፈስ ሥጋውን ያበላል፤ ካላበላ ያፈሰሰው ለምን ነው?

"ፍየሉ በእግሩ መጥቷል" አለች በጠጡን እያየች። "ደሙን እዚህ ትቶ ሄዷል። የት ሄደ?"

"አንቺ የሞተውን ሰው ትተሽ ፍየል ፍለጋ ወጣሽ" አለ ጸጋው።

ከፖሊስ ጣቢያው በር ላይ አንዲት ሴት የምሳ ዕቃ በጭኗ አቅፋ ተቀምጣለች። ነጂባን ስታይ ተነሣች።

"ልጄን በፍየል ደም ነው ያሰራችሁት!" አለች። ጣይባ ነበረች። "ያልገዛ ሰው ያርዳል? ገንዘቤ ይኸው መቀነቴ ውስጥ ነው፣ ዳብሺው! ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ባሌን ቀብሬ፣ ካሮትና ጎመን በጀርባዬ ተሸክሜ ያሳደግሁት ነው። አንቺስ ከነሱ በምን ትሻያለሽ? ነጂባ ይሉሻል አሉኝ፤ ስምሽ ጨዋ፣ ሥራሽ ይኸው!"

ነጂባ ልጁ ቢፈረድበት ይህች ሴት ሁለተኛ እንደማትነሣ አይታ ገባች።

ሙንዚር ሰፊ ትከሻ ያለው ወጣት ነው፤ ግድግዳውን ደግፎ ቆሟል።

"አንቄዋለሁ" አለ። "ደግሜም ባነቅሁት! እናቴን 'አንቺ ሴትዮ፣ ብረትና ጎመን ለይ' አላት። አልገደልኩትም።"

"አርብ ጁምአ የት ነበርክ?"

ሙንዚር ጸጋውን ሰረቅ አድርጎ አየው።

"መስጊድ?"

ሙንዚር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጸጋው ጉሮሮውን ጠረገ፤ "ይኸው" ማለቱ ነበር።

ነጂባ ጸጋውን አስወጣችው። ልጁ በሩ እስኪዘጋ ጠበቀ።

"አልሰገድኩም" አለ በዝቅታ። "ደሴ ጫት ቤት ነበርኩ። ማሽኑ ሲቀርብኝ... ምን ላድርግ? እናቴ ይህን ከምትሰማ ገዳይ ብትለኝ ይቀለኛል። አትንገሪያት።"

የጫት ቤቱ ሰዎች ፖሊስ ሲያዩ ሁሉም ዓይነ ስውር ሆኑ። ልጁን አናውቀውም አሉ። ምክንያቱ እውነት ይመስላል፤ ምስክር ግን የለውም፤ ምስክር የሌለው እውነት ለዐቃቤ ሕግ አይቀርብም።

ነጂባ ወደ ግቢው ተመልሳ ዘበኛውን መሕሙድን ከዋርካው ሥር አገኘችው። ሽማግሌ ነው፤ ውዱእ የሚያደርግበትን ጀበና ይዟል።

"አባባ መሕሙድ፣ አርብ በሩን ቆልፈው ነው የሄዱት?"

"ቆልፌ ነው።"

"ታዲያ አራጋው በግንብ ዘሎ ገባ? በዚያ ዕድሜው?"

ሽማግሌው መሬት መሬት አየ። "በሺር ያባርረኛል።"

"አንድ ልጅ ሊሰቀል ነው።"

"አስተግፊሩላህ..." ጀበናውን አስቀመጠ። "እኔ ነኝ ያስገባሁት። ሶላት ልሄድ ስነሣ መጣ። ሐሙስ በሺር አባሮት ስለነበር ግቢው ጭር ሲል ጠብቆ ነው። 'ሰው ይመጣልኛል፣ በሩን ክፍት ተወው' አለኝ። 'ማሽኑን ለባለቤቱ ላሳየው ነው' አለ።"

"ባለቤቱ በሺር አይደለም?"

"እኔም እንዲሁ ነው ያልኩት። ሳቀብኝ። 'አንተ ዘብህን ጠብቅ' አለኝ። ክፉ አፍ ነበረው፤ ነፍሱን ይማረው።"

ባለቤቱ። ነጂባ ልጥፉን አሰበች። ቀለሙን የፋቀው ለማጥናት አልነበረም። የሚያውቀውን ነገር ለሌላ ሰው ለማሳየት ነው።

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ፣ የአራጋው ግቢ ውስጥ የሐዘን ድንኳን ተተክሏል። ባለቤቱ ብዙዬ ጥቁር ነጠላዋን አገልድማ ከለቀስተኞቹ መሐል ተቀምጣ ነበር። ፖሊሷን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

"አራጋው በሕይወት ሳለ ሲዝትበት የማይውል ደላላ አልነበረም። ያኔ አልመጣችሁም" አለች። "ዛሬ ለንፍሮ መጣሽ?"

"እትዬ ብዙዬ፣ አንድ ነገር አይተው ይንገሩኝና እሄዳለሁ።" ፎቶግራፉን ሰጠቻት።

ብዙዬ አየችው። ቆይታ ተነሣችና ነጂባን እጇን ይዛ ወደ ቤቱ የብረት በር ወሰደቻት። በማጠፊያው ላይ ያለው ብየዳ እንደ ሹሩባ ተከታትሎ መጨረሻው ላይ ወደ ራሱ ተቆልምሟል።

"የእሱ እጅ ነው። ሌላ በያጅ እንዲህ አይጨርስም፤ ኤሌክትሮድ ያባክናል ይሉታል። እሱ ግን 'ጫፉ ካልተመለሰ ስንጥቁ ይከተላል' ባይ ነው።" ፎቶው ላይ ያለውን ልጥፍ በጣቷ ነካች። "ይህን ከባሌስትራ የቆረጠው ለኩታበሮች ነው። የመስኖ ማኅበራቸው ማሽን ክንዱ ተሰንጥቆ፣ ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት። በምስር ከፈሉት። እስከ ፋሲካ ምስር በላሁ።"

"ማሽኑስ?"

"በጦርነቱ ጊዜ ተዘረፈ አሉ። አራጋው እህል አልበላ አለ። ለማሽኑ እንዳይመስልሽ፤ ለብየዳው!" ሳቅ ሊያመልጣት ሲል አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከዚያ አለቀሰች።

"ማኅበሩን የሚመራው ማነው?"

"አብዱልባሲጥ የሚባል ሰው። ደህና ሰው ነው ይሉታል። እኔ ሁሉም ደህና የሚለውን ሰው አላምንም።"

አብዱልባሲጥ ሰኞ ዕለት ሲጠራ ሳያንገራግር በራሱ ፒክአፕ ኮምቦልቻ ደረሰ። ነጭ ቆብ ያደረገ፣ ጢሙን በሥርዓት ያሳደገ፣ ለስላሳ አነጋገር ያለው ሰው ነው። ለሁሉም ሰላምታ አቀረበ፤ ለመሕሙድ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። በሺር እሱን ሲያይ የሚቆጥረውን ሙስባሃ አቆመ፤ ከዚያ መልሶ ጀመረ።

"የማኅበራችሁ ማሽን ይህ ይሆን?" አለች ነጂባ።

በማሽኑ ቀኝ ጎን ሄደ። የፊቱን ባልዲ አየ፤ ጎማውን በጫማው መታ መታ አደረገ። "አይደለም" አለ። "የኛው አሮጌ ነበር። ይህ አዲስ ነው። ጦርነት የበላውን ማን ያገኘዋል ልጄ?"

"ማኅበርተኛው ያለ ማሽን እንዴት ሆነ?"

"ቦዩን በዶማ እየቆፈረ ነው። ምን ያድርግ።"

"የሞተውን መካኒክ ያውቁታል?"

"በስም። አሏህ ለቤተሰቡ ሶብሩን ይስጥ።"

"ሁሉንም ነው የምጠይቀው፤ አርብ የት ነበሩ?"

"ኩታበር፣ ቤቴ። ዝናቡ ስለዘገየብን ሰደቃ አርጄ መንደሩን ሳበላ ዋልኩ። መንደሩ ይመስክር።" ተሰናብቶ በመጣበት ጎን ተመልሶ ሄደ።

"አየሽ?" አለ ጸጋው ፒክአፑ ከወጣ በኋላ። "አይደለም አለ። ምስርሽም ባሌስትራሽም ቀረ።"

"ሳጅን፣ ፍየልህ ቢጠፋና ገበያ ላይ አንድ ፍየል ብታይ መጀመሪያ የቱን ታያለህ?"

"ጆሮውን። ምልክቱን ነዋ።"

"የዚህ ማሽን ምልክት በግራ ጎኑ ነው። ማኅበርተኛው ሁሉ ሲበየድ አይቶታል። እሱ ግን ወደ ግራው አልዞረም። ማሽኑ የእሱ እንዳልሆነ ለማወቅ አላየም፤ እንደሆነ ስለሚያውቅ ነው ያላየው።"

ጸጋው አገጩን አከከ። "ሰደቃ ሲያበላ ውሏል። መንደር ሙሉ ምስክር አለው።"

"እሱን ነው ልጠይቅ የምሄደው።"

በማግስቱ ከጠዋቱ ጀምሮ ደሴን አቋርጠው ወደ ኩታበር ወጡ። ጸጋው መንገዱን በሙሉ ስለ ወገቡ ሲያማርር ሄደ። የአብዱልባሲጥ ቤት ጎረቤት የሆነች ቢልቂስ የምትባል ሴት አጥሯ ሥር ገብስ በወንፊት ትነፋለች። ፖሊስ ስታይ ወንፊቷን ደረቷ ላይ አደረገች።

"አርብ ሰደቃ በልታችኋል?" አለች ነጂባ።

"በልተናል። አሏህ ይቀበለው። የተከለከለ ነው እንዴ?"

"ፍየሉ ሲታረድ ማን ማን ነበረ?"

ቢልቂስ ወደ ጎረቤቷ አጥር ሰረቅ አድርጋ አየች። "እሱ ነው ነገሩ። ማንም አልነበረም። ወደ አመሻሹ፣ ከአስር ሶላት በኋላ፣ ሥጋውን በሳፋ እያዞረ አመጣልን። ሰደቃ እንዲህ ነው? ፍየሉ ይቆማል፣ ሽማግሌው ይሰበሰባል፣ ዱአው ይደረጋል፣ ከዚያ ይታረዳል። እኛ ፍየሉን ሳናየው ወጡን በላነው! ለባሌ 'ይህ ሰውዬ ከአሏህ ጋር ምን አቸኮለው' አልኩት።"

"ፈርሱን የት እንደደፋ አይተሻል?"

"አላየሁም። ውሾቼ እንኳ ወደዚያ አልሄዱም። ፍየል ታርዶ ውሻ የማይዞርበት ግቢ አለ?"

አብዱልባሲጥ ከቤቱ ደጃፍ አጎዛ ላይ ተቀምጦ ነበር። አጥሩ ላይ ጨው የተነሰነሰበት የፍየል ቆዳ ተሰጥቷል። ሲያያቸው ፊቱ አልተለወጠም፤ እንግዳ እንደሚቀበል "ግቡ" አለ።

"የት ነው ያረዱት?" አለች ነጂባ ቆማ።

"እዚያ፣ ከግራሩ ሥር።"

ሄዳ ተንበረከከች። መሬቱን በጣቷ ጫረችው። ነጭ አቧራ ነው። "ደም የለም።"

"ዝናብ አጥቦት ይሆናል።"

"ሰደቃው ዝናብ ስለዘገየ አልነበር?" አለች። "ዘነበ?"

ሰማዩ እንደ መስተዋት ጠርቷል።

ነጂባ ተነሥታ እጇን አራገፈች። "ኮምቦልቻ ላይ ሥጋ የሌለው ደም አለኝ። ኩታበር ላይ ደም የሌለው ሥጋ አገኘሁ። ሁለቱ የአንድ ፍየል ናቸው። ደሙን እዚያ ያፈሰሱት የአራጋው ደም ላይ ነው፤ ገዢ ያረደው መስሎ እንዲታይ። የአንዲት እናት ልጅ በዚያ ደም ታስሯል።"

"ወሬ ነው" አለ አብዱልባሲጥ። ድምፁ ግን ለስላሳነቱን ጥሏል። "አንቺ የማን ልጅ ሆነሽ ነው ግቢዬ ድረስ መጥተሽ የምትሳደቢኝ?"

"ኢንስፔክተር!" ጸጋው ከፒክአፑ ነበር የጮኸው። ከሾፌሩ መቀመጫ ሥር በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ወፍራም የብረት ፒን አወጣ። ታጥቧል። አንደኛው ጫፉ ላይ ግን በቀለበቱ ሥር ያልታጠበ ነገር ነበር።

አብዱልባሲጥ ፒኑን አየ። ከዚያ ቆቡን አወለቀና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

"ደወለልኝ" አለ። "'ብረታችሁን አገኘሁላችሁ፣ ብየዳዬን አየሁት፣ ደስ ይበላችሁ' አለኝ። ለበሺር የሸጥኩት እኔ መሆኔን አላወቀም። በጦርነቱ ጊዜ ገለባ ውስጥ ደብቄው ነበር፤ የማኅበሩን ነገር ያኔ ማን ያስብ ነበር? ፍየሉን ከነነፍሱ ይዤለት ሄድኩ፤ እንደ እምነቱ አርዶ እንዲበላ። ዝም በለኝ ብዬ ለመንኩት። ገባው። 'ሰዎቹ በዶማ ሲቆፍሩ አንተ ማሽናቸውን በላህ?' አለኝ። ሌባ አለኝ፤ አባቴን ሰደበው። ፒኑን፣ መበላቱን ሊያይ፣ ነቅሎ የፊቱ ባልዲ ላይ አስቀምጦት ነበር። እጄ አጠገብ ነበር።"

"ክንዱንስ በምን አወረድከው?" አለች ነጂባ። ከዚህ ወዲያ አንቱታውን ተወችው።

"የጥንቱ ቁልፍ አሁንም አለኝ።"

ጸጋው ካቴናውን እያወጣ ቆም አለ። "አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሥጋውን ለምን እዚያው አልተውከውም? ብትተወው ማን ይጠረጥርህ ነበር?"

አብዱልባሲጥ እንደ ተሰደበ ሰው ቀና አለ። "የታረደ ሥጋ ይጣላል እንዴ? ሐራም ነው!"

"ሰውየውስ?" አለ ጸጋው።

አብዱልባሲጥ ሁለት እጁን ለካቴናው ዘረጋ።

ሙንዚር የተፈታ ዕለት ጣይባ እዚያው የጣቢያው በር ላይ ነበረች። ልጇን ይዛ ዳበሰችው፤ ፊቱን፣ ክንዱን፣ ጀርባውን። ከዚያ ወደ ነጂባ ዞረች። ነጂባ ምስጋና አልጠበቀችም፤ አላገኘችምም።

"ጁምአ ዕለት የት ነበር?" አለቻት ጣይባ። "ለእኔ አልነግርም አለ። አንቺ ታውቂያለሽ።"

ሙንዚር ግድግዳው ላይ ዓይኑን ተከለ።

"ኮምቦልቻ አልነበረም" አለች ነጂባ። "እኔን የሚመለከተኝ እሱ ብቻ ነው።"

ጣይባ ሁለቱንም በተራ አየቻቸው። መቀነቷን ጠበቅ አደረገች። "ብረት አልገዛም" አለች። "ቀይ ሥር እተክላለሁ። አንተም ትቆፍራለህ፤ በዶማ!" ልጇን ከፊት አስቀድማ ሄደች።

የምርመራው ውጤት ሲመጣ ባልዲው ላይ የተገኘው ደም የፍየልም የሰውም ሆነ። በሺር ቁጥር በማጥፋትና ሐሰተኛ ሰሌዳ በመምታት ለብቻው መዝገብ ተከፈተበት፤ "እኔ ብረት እሸጣለሁ እንጂ" እያለ ገባ። ማሽኑ ለኩታበሮቹ እንዲመለስ ታዘዘ። ነገር ግን በርክክቡ ወረቀት ላይ የሻንሲ ቁጥር መሞላት ነበረበት፣ የሻንሲው ቁጥር ደግሞ ላይመለስ ተልጓል።

"ምን እንጻፍ?" አለ ጸጋው እስክሪብቶውን ይዞ። ጥቂት አመነታ። "እርስዎ ይንገሩኝ።"

ነጂባ ሜትሩን አውጥታ ወደ ክንዱ ግራ ጎን ዞረች። ከማኅበርተኞቹ ሁለቱ ቀድመዋት እዚያ ቆመው ልጥፉን በመዳፋቸው ይዳብሱ ነበር። ገለል አደረገቻቸውና ለካች፤ እሱም የምትለውን ጻፈ። መለያ፦ የባሌስትራ ልጥፍ፣ በመካኒክ አራጋው የተበየደ፣ ርዝመት ሠላሳ አንድ ሳንቲ ሜትር፤ ስንጥቅ የለውም።